ዓለም አቀፉ የደመና አትላስ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ ሲፈተሽ

ነጎድጓድ ያዘለ ደመናን ከአናቱ እስከ ሥሩ በየክፍሉ ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ በነፃ ከሚገኙት አገልግሎቶች ሁሉ የምናስቀድመው የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በድረ ገጽ የሚያቀርበውን ዓለም አቀፍ የደመና አትላስ ነው። የዚህ ግምገማ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከሱሉልታ ሜዳ፣ ከሰንዳፋ፣ ከቡራዩ ወዲያ ከገፈርሳ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ቆሞ ደመና የሚያነብ ሰው አትላሱን በየትኛው በኩል እንዳለ ይመነው፣ በየትኛው በኩል ደግሞ አስተካክሎ ይውሰደው? ከአምስት አራት ነጥብ እንሰጠዋለን፤ የተቀነሰችው አንዷ ነጥብ ከየት እንደሄደች ከታች ይታያል።

አትላሱ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን አሁን ያለው የድረ ገጽ እትም የወጣው በ2017 ነው። ደመናን በ10 ዋና ዋና ወገኖች፣ በ15 ዝርያዎች፣ በ11 ተጨማሪ ገጽታዎችና በ4 አጃቢ ደመናዎች ይከፍላል። ለነጎድጓድ ተመልካች የ2017ቱ እትም ከቀድሞዎቹ የሚለየው ከሱፐርሴል፣ ማለትም ውስጡ ከሚዞር ነጎድጓድ፣ ጋር የተያያዙ ሦስት ስሞችን በይፋ በመቀበሉ ነው፤ እነሱም ሙሩስ፣ ካውዳና ፍሉመን ናቸው። ሙሩስ የደመና አሳዳጆች የግድግዳ ደመና የሚሉት ነው፤ ካውዳ የጅራት ደመና ነው። ሁለቱንም ለይቶ የሰየማቸው የአየር ሁኔታ ተመራማሪው ቴድ ፉጂታ ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1957 በአሜሪካ ፋርጎ ከተማ በደረሱት ቶርኔዶዎች ላይ ያደረገው ጥናት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከአትላሱ ውጭ የኖሩ ስሞች አሁን ትርጉማቸው ተወስኖ፣ ፎቶ ተያይዞላቸው በአንድ ቦታ መገኘታቸው ብቻውን አትላሱን ለመክፈት በቂ ምክንያት ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ክፍያ የለም፤ በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ደመና ትርጉም፣ መግለጫ፣ ከየትኞቹ ጋር ሊምታታ እንደሚችልና ፎቶዎች ቀርበዋል። ከፎቶው ጋር የተነሳበት ቦታ፣ ቀንና ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ ስለሚጻፍ እነዚህን ሳያነቡ ማለፍ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱን ስለ አቅጣጫ ስንነጋገር እንመለስበታለን። በአማርኛ የተዘጋጀ የለም፤ የደመና ስሞቹ ሁሉ በላቲን ናቸው። ፎቶዎቹን ኔትወርክ በሚደክምበት ሜዳ ላይ ቆሞ ለመክፈት መሞከር አያዋጣም። ቤት ሳላችሁ የኩሙሎኒምበስን፣ ማለትም ነጎድጓድ ያዘለውን ደመና፣ ገጽ ክፈቱና ከካልቩስ፣ ከካፒላተስ፣ ከኢንከስ፣ ከአርከስ፣ ከሙሩስ፣ ከካውዳ፣ ከፍሉመን፣ ከቱባና ከፓነስ ሁለት ሁለት ፎቶ በስልካችሁ አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሆነ ከታች ይገለጻል። ሁለት የሚያስፈልገው አንድ ፎቶ ብቻ ያየ ሰው የዚያን ፎቶ ብርሃንና ቀለም እንደ መለያ ስለሚይዘው ነው።

አትላሱ እጅግ የሚጠቅመው የደመናውን ሥር ለማንበብ ነው። ነጎድጓድ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያነሳበት ያ ዝቅ ብሎ የሚታየው ጥቁር ደመና ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች፣ አርከስ ወይም ሙሩስ፣ ሊሆን ይችላል። አርከስ የሚፈጠረው ከዝናቡ ጋር የወረደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ተስፋፍቶ ከፊቱ ያለውን እርጥብና ሞቃት አየር ሽቅብ ሲገፋው ነው። ስለዚህ ከዝናቡ ፊት ፊት ይጓዛል፤ ረጅምና አግድም ነው፤ ሲደርስባችሁ መጀመሪያ የሚመታችሁ ቀዝቃዛው ንፋስ ነው፣ ከዚያ አቧራው፣ ከዚያ ወጨፎው። ሙሩስ የሚፈጠረው በተቃራኒው፣ አየር ወደ ደመናው በሚሳብበትና ዝናብ በሌለበት ሥር ላይ ነው። ሽቅብ የሚወጣው አየር ከአጠገቡ ያለውን በዝናብ የቀዘቀዘና የረጠበ አየር ቀላቅሎ ሲወስድ፣ ያ እርጥብ አየር ከሌላው ቦታ ይልቅ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ወደ ደመናነት ይለወጣል። የደመናው ሥር እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ወደ ታች የሚወርደው ለዚህ ነው።

በሜዳ ላይ ሁለቱን ለመለየት ቁልቁለቱን እዩ። የአርከስ ቁልቁለት ከዝናቡ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ የሙሩስ ቁልቁለት ወደ ዝናቡ ያዘነብላል። ቀጥሎ ንፋሱን በፊታችሁ ለዩት። ለብ ያለ አየር ከጀርባችሁ ወደ ደመናው እየነፈሰ ከሆነ የምትቆሙት አየር በሚሳብበት ወገን ነው፤ ሙሩስን መፈለግ የሚቻለውም እዚያ ብቻ ነው። ብርድ ያለው ንፋስ ከደመናው ወደ እናንተ ከመጣ ያያችሁት አርከስ ነው፤ የቀረውም ጊዜ ለመጠለል ብቻ የሚበቃ ነው። ይህን የንፋስ ምርመራ አትላሱ በዚህ መልክ ደረጃ በደረጃ አያቀርበውም፤ ከሁለቱ ገጾች መግለጫ ግን አንባቢው ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

አዲስ አበባ ዙሪያ ላይ ሦስተኛ አሳሳች አለ፤ እሱም ፓነስ ነው። ዝናብ ካለፈ በኋላ በእንጦጦ ተዳፋት፣ በወጨጫና በየረር ወገብ ላይ ከባሕር ዛፉ ውስጥ እየተነሳ ወደ ላይ የሚሳብ ቁርጥራጭ ደመና ከሩቅ ሲታይ ሙሩስን ሊመስል ይችላል። በተለይ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ይጠቁራል፣ ሰውም ይደነግጣል። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ከዋናው ደመና ሥር ጋር ተያይዟል? 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ቅርጹን ይዞ ቆይቷል? ከደመናው ጋር አብሮ ይጓዛል ወይስ ተራራው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል? ፓነስ ይበጣጠሳል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ይፈጠራል፤ የተራራ ጉም ከሆነም ነጎድጓዱ ካለፈ በኋላ እዚያው ይቀራል። ሦስቱንም ጥያቄ ያለፈ ደመና ከተገኘ አራተኛውን ጨምሩ፤ ይዞራል? ወደ እኛ በቀረበው ጠርዝ ያሉት ቁርጥራጮች ወደ አንድ ወገን፣ በሩቁ ጠርዝ ያሉት ወደ ሌላው ወገን ከሄዱ መዞር አለ ማለት ነው። ሙሩስ ሁሉ እንደማይዞር ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ሱፐርሴል ማለት በውስጡ ሽቅብ የሚወጣው አየር ራሱ የሚዞርና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ነጎድጓድ ነው። እንዲፈጠር ከመሬት እስከ 6 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ የንፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ በእጅጉ መለያየት አለበት፤ አሜሪካ ሜዳ ላይ እንደ መነሻ የሚወሰደው ልዩነት በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ ነው። በክረምት አዲስ አበባ ላይ ኃይለኛው ንፋስ የሚገኘው ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ፣ ደመናው አናት አጠገብ ነው፤ ከታች ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ስለዚህ እዚህ የምናያቸው ነጎድጓዶች በአብዛኛው ነጠላ ወይም እየተተካኩ የሚፈጠሩ ስብስቦች ናቸው። ነጠላው ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ተወልዶ ያረጃል። የአትላሱን ሦስት የሱፐርሴል ገጾች ያነበበ ሰው በየከሰዓቱ ሱፐርሴል ማየት እንዳይጀምር የሚጠብቀው ይህ እውቀት ነው። እነዚያን ገጾች ማጥናት ግን ከንቱ አይደለም፤ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በደንብ የሚታየው በሱፐርሴል ላይ ስለሆነ፣ እሱን የተረዳ ሰው ተራውንም ነጎድጓድ በቀላሉ ያነበዋል።

ካውዳና ፍሉመንን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ አትላሱ ልዩነታቸውን በጥራት አስቀምጦታል። ካውዳ ከዝናቡ ክፍል ተነስቶ ሙሩሱ ላይ የሚያያዝ አግድም ጅራት ነው፤ የሁለቱ ሥር በአብዛኛው እኩል ከፍታ ላይ ነው፣ የደመናው ጉዞም ከዝናቡ ወደ ሙሩሱ ነው። ፍሉመን ደግሞ ወደ ነጎድጓዱ ከሚገባው የታች ንፋስ ጋር ትይዩ የሚሰለፍ ዝቅተኛ ደመና ሲሆን ከሙሩሱ ጋር አይያያዝም፤ ሥሩም ከሙሩሱ ከፍ ይላል። ሁለቱም ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ስላልሆኑ ከደመናው ሥር እንደ ሾጣጣ ከሚንጠለጠለውና ቶርኔዶ ሊሆን ከሚችለው ቱባ ጋር መምታታት አልነበረባቸውም፤ ሰው ግን ጫፍ ያለው ደመና ሁሉ ያስፈራዋል።

አሁን ወደ አቅጣጫ። ተቀነሰች ካልናት ነጥብ ግማሿ የሄደችው እዚህ ነው። የሱፐርሴል ፎቶዎቹ የመጡት ከመካከለኛ ኬክሮስ ነው፤ እዚያ የላይኛው ንፋስ ከምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ የመስፍ ቅርጽ ያለው አናት፣ ኢንከስ፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘረጋል። በእኛ ክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከላይ የሚነፍሰው የሐሩር ክልል ምሥራቃዊ ጄት የሚባለው፣ ከምሥራቅ የሚመጣ ፈጣን የንፋስ ጅረት ነው፤ መስፉም የሚዘረጋው ወደ ምዕራብ ነው። ከሆለታና ከቡራዩ ወገን ያለ ሰው አዲስ አበባ ላይ የቆመውን ነጎድጓድ መስፍ ከራሱ በላይ ያየዋል፤ ሰንዳፋ ላይ ያለ ሰው ግን የዚያኑ ደመና የተቆረጠ የሚመስል ጥርት ያለ ጀርባ ያያል። በበልግ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የምዕራብ ንፋስ ከላይ ስለሚበረታ መስፉ ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። አንድ ተራራ፣ አንድ መቆሚያ፣ ሁለት ወቅት፣ ሁለት ተቃራኒ ሥዕል።

ስለዚህ «ዝናብ የሌለበት ሥር በደቡብ ምዕራብ ነው» የሚለውን የአሜሪካ አሳዳጆች ልማድ ቃል በቃል ይዞ መውጣት ያሳስታል። በእሱ ፋንታ መስፉ ወዴት እንደተዘረጋ መጀመሪያ እዩ፤ ዝናብ የሌለበትን ሥር ከዚያ በተቃራኒው ወገን ፈልጉ፤ ከዚያ የመሬቱን ንፋስ አጣሩ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የአውሮፓው የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይት ድርጅት ኢዩሜትሳት የሚለቃቸውን የሜቴዎሳት ሳተላይት ምስሎች ብታዩ የመስፉ አቅጣጫ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የቀድሞው ትውልድ ሳተላይት በየ15 ደቂቃው፣ አዲሱ በየ10 ደቂቃው የምድርን ገጽ ያነሳል። አትላሱና የሳተላይቱ ምስል አንድ ላይ ሲያዙ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል።

የፀሐዩም ነገር ይለያል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በምዕራብ ሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። ስለዚህ ከሱሉልታ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያይ ሰው ደመናውን በጀርባ ብርሃን ያየዋል፤ ሁሉም ነገር ጥቁር ይሆንበታል። ገፈርሳ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ግን እንደ ግንብ የቆመውን ደመና እብጠቶች በሙሉ ብርሃን ያገኛል። የአትላሱን የካልቩስ ፎቶ ከምታዩት ጋር ለማነጻጸር ይህ ወገን ይሻላል። ካልቩስ ላይ አናቱ የአበባ ጎመን የሚመስለውን ጥርት ያለ እብጠት ማጣት ይጀምራል፤ ካፒላተስ ላይ አናቱ ጭረት ጭረት ይሆናል፣ በረዶነት ተስፋፍቷል ማለት ነው።

ከፍታን በሚመለከት አትላሱ ትክክል ነው፤ በችኮላ ያነበበ ሰው ግን ይሳሳታል። በሠንጠረዡ ላይ የሐሩር ክልል ዝቅተኛ ደመና እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ መካከለኛው ከ2 እስከ 8፣ ከፍተኛው ከ6 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ተብሏል። አትላሱ ከተመልካቹ የሚለካውን ከፍታና ከባሕር ወለል የሚለካውን ለይቶ ይጠቅሳል። ሱሉልታ ሜዳ ራሱ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከራሳችን በላይ 1,500 ሜትር ላይ ያለ የኩሙለስ ሥር ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ወገኑ ግን አይቀየርም። እዚህ አካባቢ ቁጥሩን ትታችሁ መልኩን ተከተሉ።

የሥሩን ከፍታ ለመገመት የአየሩን ሙቀትና የጤዛ ነጥቡን (አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መፍጠር የሚጀምርበትን ሙቀት) ልዩነት በ125 ሜትር አባዙ። 22 ዲግሪና 10 ዲግሪ ከሆኑ ልዩነቱ 12 ነው፤ ሥሩ ከመሬት 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ ርቀት ይገኛል። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የ1,500 ሜትሩ ሥር ከአድማስ አንድ ጭብጥ ከፍ ብሎ ከታየ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር፣ ግማሽ ጭብጥ ከሆነ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አድማሱ ተራራ ከሆነ ስሌቱ ይዛባል፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ ከእንጦጦ ሥር ይልቅ በአቃቂና በዱከም ሜዳ ላይ ይሠራል። በክረምቱ እርጥበት ሥሩ ከዚህ ዝቅ እንደሚልም አስቡ፤ ሙቀቱ 18፣ የጤዛው ነጥብ 12 በሆነበት ቀን 750 ሜትር ብቻ ነው።

ይኸው ከፍታ በረዶን ያብራራል። በሐሩር ክልል አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቆላ ላይ የሚወድቅ በረዶ ያን ሁሉ መንገድ በሞቃት አየር ውስጥ ይጓዛል፤ አዲስ አበባ ዙሪያ ላይ ግን የቀረው 2,500 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ትንንሹም ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ በረዶ መውረዱ ብቻውን ነጎድጓዱ ሱፐርሴል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከሩቅ የዝናብ ዘንጉ ግራጫ ሲሆን በረዶ የበዛበት ክፍል ነጣ ብሎ ይታያል።

የቀረችው ግማሽ ነጥብ የሄደችው በእንቅስቃሴ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው መለያዎች ከግማሽ በላይ በጊዜ ውስጥ ብቻ የሚታዩ ናቸው፤ ይዞራል፣ ይቆያል፣ ወደ ዝናቡ ይሄዳል ወይስ ከዝናቡ ይመጣል። የቆመ ፎቶ ይህን አያሳይም። በተጨማሪ አሳዳጆች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ ክፍሎች በአትላሱ ምደባ ውስጥ ራሱን የቻለ ስም የላቸውም፤ ከመስፉ በላይ ብቅ የሚለው ጉልላት፣ ዝናብ የሌለበት ሥር፣ ከዋናው ግንብ ጎን በደረጃ የሚሰለፉት ትናንሽ ግንቦች። ጉልላቱ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚሰምጥ ከሆነ ተራ ነው፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ሽቅብ የሚወጣው አየር ኃይለኛና የማይቋረጥ ነው ማለት ነው።

ክፍተቱን በስልክ መሙላት ይቻላል። ስልኩን አጥር ወይም የመኪና ጣሪያ ላይ አስደግፉ፤ በፎቶው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም የኔትወርክ ማማ፣ ይግባ። በየ30 ሴኮንዱ ለ10 ደቂቃ አንሱ፤ 20 ፎቶ ይሆናል። በጣት እየገፋችሁ በፍጥነት ስታልፏቸው እንቅስቃሴው ይወጣል። ዙም ከተቀያየረ ወይም ስልኩ ከተነቃነቀ ግን ንጽጽሩ ይበላሻል፤ ብርሃኑንም ቆልፉት፣ አለበለዚያ መብረቅ በበረቀ ቁጥር ደመናው ቀለሙን የሚቀይር ይመስላል።

ስለ መቆሚያው ሁለት ነገር። ነጎድጓድ ቀድሞ የሚነሳው ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉት ተራሮች፣ በእንጦጦ፣ በወጨጫና በየረር ላይ ስለሆነ፣ ከተራራው ላይ ከመሆን ይልቅ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ መሆን ሙሉውን ቅርጽ ያሳያል። አቃቂና ዱከም አካባቢ ከአስፋልት አትውጡ፤ ዋልካው አፈር ሩብ ሰዓት ዝናብ ካገኘ መኪና ይይዛል፣ አርከሱ ሲደርስ ማምለጫ የለም። የሱሉልታ ሜዳም በክረምት ውሃ ይተኛበታል።

መብረቅን በተመለከተ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሴኮንድ ለ3 አካፍሉት፤ ኪሎ ሜትሩ ያ ነው። ከ30 ሴኮንድ ካነሰ ርቀቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ግቡና መስኮቱን ዝጉ። ባጃጅ መጠለያ አይሆንም፤ ባሕር ዛፍ ሥርም እንዲሁ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከመስፉ ሥር የሚወጣው የመጨረሻ መብረቅ ዝናቡ ካባራ በኋላም ይመጣል።

ዳታ የሚያጥረው ሰው ሁሉንም ገጽ መክፈት አይጠበቅበትም። የአርከስንና የሙሩስን ገጽ ብቻ ከፍቶ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ያድርግ፤ በእያንዳንዱ ላይ ዝናቡ የት እንዳለ በጣቱ ያመልክት፤ ቁልቁለቱ ወደዚያ ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ ብሎ ይመልስ፤ ከዚያ መስፉ ወደ ምዕራብ ቢዞር ይኸው ሥዕል ምን እንደሚመስል ወረቀት ላይ ገልብጦ ይሣለው። ይህን ሳያዩ መሣል የቻለ ሰው ፓነስን ለመጨመር ዝግጁ ነው።